አሸዋ ወደ ቤት

ፕራፓይ የእናቷን ጩኸት የሰማችው ነጭ ሽንኩርት ስትጠብስ ነው። ኑድል የሚሸጥ ሰው ነጭ ሽንኩርት እየጠበሰ ንጉሥ ቢጠራውም አይሄድም፤ ለአፍታ ፊቱን ካዞረ አርሮ ይጠብቀዋል። የእናት ጩኸት ግን ሌላ ነው። መጥበሻውን እሳቱ ላይ ትታ የእንጨቱን ደረጃ እየዘለለች ወጣች።

እናቷ ላኦንግ ከቀትር እንቅልፏ ነቅታ ምንጣፏ ላይ ቁጭ ብላለች። ዓይኖቿ ከጠፉ ዓመታት ቢያልፉም፣ አንድ ነገር እንደሚያይ ሰው ወደ ጣራው አንጋጣለች።

«አባቴ መጥቶ ነበር» አለች።

«ሕልም ነው እማዬ። ሽንኩርቴን አሳረርሽው።»

«ሽንኩርትሽ ገደል ይግባ! አባቴ እንደ ዘንባባ ረዝሞ፣ ራሱ ከጣራው በላይ ወጥቶ፣ አፉ የመርፌ ቀዳዳ አክሎ መጣ ስልሽ! ውሃ ስጪኝ ይለኛል። ብሰጠውስ በየት በኩል ይገባለታል?»

በጥንቷ መዲና በአዩታያ ተወልዶ ይህን መልክ የማያውቅ የለም። የቤተ መቅደስ ንብረት ወስዶ ሳይመልስ የሞተ ሰው ፕሬት ይሆናል፤ ቁመቱ ዛፍ፣ ሆዱ ጎተራ፣ አፉ ግን የመርፌ ቀዳዳ፤ እንደተራበና እንደተጠማ ይኖራል። ለዚህ ነው ሰዉ በየዓመቱ በሶንግክራን፣ በአዲስ ዓመት በዓል፣ ወደ ቤተ መቅደስ አሸዋ የሚሸከመው። ዓመቱን ሙሉ ከግቢው ሲወጣ በእግሩ ተጣብቆ የሄደውን አፈር መመለሱ ነው። ለእግር አሸዋ እንዲህ ከተፈራ ለጡብማ ምን ሊባል ነው?

ጡቦቹ ደግሞ እዚያው ከስራቸው ነበሩ። ቤቱ በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው፤ ላዩ መኖሪያ፣ ከስሩ ያለው ጥላ የፕራፓይ ኑድል ቤት። በስተኋላ፣ ምድጃውና የውሃ እንስራዎቹ ባሉበት፣ መሬቱ በጥንት ጡብ ተነጥፏል። የላኦንግ አባት፣ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ሳለች ጭቃው እንዳያዳልጣት ብሎ ከአንድ የፈረሰ ቤተ መቅደስ በጀልባ ያመጣቸው ናቸው። ላኦንግ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ከጡቦቹ በላይ ተቀምጣ በጀልባው መመለሷን ታስታውሳለች።

ላኦንግ ከማለዳ እስከ ማታ ማክ ታኝካለች፤ በቅጠልና በኖራ ተጠቅልሎ ጉንጭ ውስጥ የሚወጠር፣ አፍን ደም የሚያስመስል ፍሬ ነው። ቀዩን ምራቋን የምትተፋው በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ቁልቁል ነው። ከስር ያሉት ጡቦች አንዱ ጥግ ላይ ቀልተው፣ በሳሙናም በአመድም አልለቅ ብለዋል። ወደ እንስራዎቹ ጠጋ ያለ ደንበኛ ሲነካው «ያይ፣ ዝናብ ጀመረ!» ብሎ ይጮኻል። በዚያ አገር አሮጊትን ሁሉ ያይ፣ አያቴ፣ ነው የሚሉት። እሷም ከላይ «ጃንጥላ ይዘህ ና!» ትለዋለች። ቤቱ በኑድሉም በዚህም ይታወቃል።

«መመለስ አለባቸው» አለች ላኦንግ። «ሳልሞት።»

«እማዬ፣ ከዚህ ከተማ ጡብ ያልወሰደ ማን አለ? ባንኮክ ራሷ በኛ ጡብ አይደል የቆመችው? ነገሥታቱ ሲወስዱ ከተማ ቆረቆሩ ይባላል፤ አያቴ ሲወስድ ሌባ ሆነ?»

«ነገሥታቱ የራሳቸው ዕዳ አለባቸው፤ የእነሱ ልጆች ያስቡበት። እኔ የንጉሥ ልጅ አይደለሁም።»

ፕራፓይ ያለችውም ግን ውሸት አይደለም። ይህች ከተማ በወንዞች የተከበበች ደሴት ነበረች፤ መንገዷ ውሃ፣ ደጇ ጀልባ ማሰሪያ። የበርማ ጦር አቃጥሏት ከሄደ በኋላ ጡቧ በጀልባ እየተጫነ የአዲሲቱን መዲና ግንብ ሊሠራ ወደ ታች ወረደ። የቀረውን ጫካ ዋጠው። ከጫካው የተረፈውን ደግሞ የቀረው ሕዝብ ለምድጃ፣ ለጉድጓድ አፍ፣ ለአሳማ ጉረኖ እያለ ለቀመው። ቀጥሎ ቦዮቹ እየተደፈኑ ጎዳና ሆኑ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ ተርፎ የቆመው ግንብ ዙሪያውን ሣር ተተክሎለት ጎብኚ ፎቶ ይነሣበታል፤ ያልቆመው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አንዳንዴ ሳስበው፣ በዚያች ከተማ ከቦታው ያልተነቃነቀ ነገር ቢኖር ወንዙ ብቻ ይመስለኛል፤ እሱም ቢሆን አንድ ሁለት ጊዜ ተቆፍሮ አቅጣጫው ተቀይሯል።

የላኦንግም ቤት ተነቃንቋል። ቦዩ የተደፈነው ፕራፓይ የወተት ጥርሷ ሳይረግፍ ነው። ቤቱ ፊቱን ለውሃው የሰጠ ስለነበር በአንድ ክረምት ውስጥ ጀርባ የሌለው ፊት የሌለው ሆኖ ቀረ፤ አዲሱ ጎዳና ሌላ ቦታ ቀጥ ብሎ ወጣ። ያኔ የፕራፓይ አባት ግድግዳውን እንደ ሳጥን ፈታትቶ፣ ምሰሶዎቹን ነቅሎ፣ ጡቦቹንም ሳይቀር በጋሪ ጭኖ አዲሱ ጎዳና ዳር ተከለው። ቦታውን ያገኘው በርካሽ ነው። ጉብታና እሾህ ነበረ፤ ሻጩ በቡልዶዘር አስተካክሎ አስረከበው። አጠገቡ ያለው መሬት እጥፍ ሲያወጣ ይኼ ለምን ረከሰ ብሎ የጠየቀ የለም። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ፣ የተባለው ለዚህ ሰው ሳይሆን አይቀርም።

«እሺ፣ እንመልስ» አለች ፕራፓይ። «ለየትኛው ቤተ መቅደስ ነው የምንመልሰው?»

ላኦንግ ማኩን ከአንዱ ጉንጭ ወደ ሌላው አዞረችው። «ስሙን አላውቅም። ያኔም መነኩሴ አልነበረበትም። ቦዩን ይዘሽ፣ ከድልድዩ ስር አልፈሽ፣ ሁለት ጊዜ ከተጠማዘዘ በኋላ በግራ በኩል ነው። ዘንባባ ነበረው።»

«ቦዩ እኮ የለም እማዬ።»

«እኔ ምን ላድርግ? ቦዩን እኔ አልደፈንኩት!»

ላኦንግ ከተማውን የምታውቀው ከውሃው በኩል ነው። ቦዮቹ ከተደፈኑ በኋላ፣ ገና ዓይኗ ሳይጠፋም፣ ገበያ ሄዳ መመለሻው እየጠፋት ሰው ይዞ ያመጣት ነበር። ፕራፓይ ሽማግሌ የተባለውን ሁሉ ጠየቀች። አንዱ «መንገዱ በልቶታል» አለ፤ ሌላው «ትምህርት ቤቱ ነው» አለ፤ ሦስተኛው ኑድሉን በልቶ ጨርሶ «እኔ የዚህ አገር ሰው አይደለሁም» አለ።

በመጨረሻ የሄደችው ኖክ ያንግ ወደሚባለው የሰፈራቸው ቤተ መቅደስ ነው። አለቃው፣ ሉዋንግ ፖ እያሉ የሚጠሯቸው ወፍራም ሽማግሌ መነኩሴ፣ ነገሩን ሰምተው ሳቁ።

«የፈረሰም የቆመም የአንዱ የቡድሃ ነው፣ ልጄ። ለኛ ስጪ። አዲስ የመግቢያ በር እየሠራን ነው፤ ጡብም አንሶናል።»

ፕራፓይ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። እውነቱን ለመናገር የደስታዋ እኩሌታ የእናቷ ጭንቀት መቅለሉ፣ እኩሌታው ነገሩ በቶሎ ማለቁ ነበር። የኑድል ቤት ሥራ ፋታ አይሰጥም።

ጡቦቹን የነቀሉት እሷና ጎረቤቷ ፐም ናቸው። ፐም ፊቱ እንቁራሪት የሚመስል ባጃጅ ይነዳል፤ ምላሱ ከሞተሩ በፊት ተነሥታ ከሞተሩ በኋላ ነው የምትጠፋው። እንስራዎቹን አንከባለው፣ ምድጃውን አንሥተው መቆፈር ጀመሩ። የላይኛው ረድፍ በቀላሉ ተነሣ። ከስሩ ሌላ ረድፍ ወጣ።

«ፒ ፕራፓይ» አለ ፐም፣ ታላቅ እህቴ እንደማለት ነው፤ «አያትሽ ጭቃ ነው የፈሩት ወይስ ጎርፍ?»

«ዝም ብለህ ቆፍር።»

ሁለተኛው ረድፍ ከመጀመሪያው የሰፋና የከበደ ነበር፤ ነጭ ኖራ እርስ በርሱ አጣብቆታል። ፐም በዲጅኖ እየፈነቀለ አወጣው። ከዚያ ስርም ሌላ ነበር። እሱ ግን ቢመቱት ቢመቱት አልነቃነቅ አለ።

«ይኼን ያነጠፈ ሰው እንኳን ፕሬት፣ ዝሆንም ቢሆን አይገርመኝም» አለ ፐም ላቡን እየጠረገ። «ይበቃናል። የቀረውን ዕዳ በሚቀጥለው ሕይወታቸው ይክፈሉት።»

ፕራፓይም ወገቧን ይዛ ሳቀች። ያን ጊዜ ትንሽ ቆም ብላ፣ አባቷ አንድ ረድፍ ብቻ ሲያነጥፍ በልጅ ዓይኗ ያየችውን ብታስታውስ ኖሮ ይህ ታሪክ ባልተወራ። አላስታወሰችም። ጉድጓዱን በሲሚንቶ ደፍና ምድጃዋን መለሰች።

ላኦንግ ጡቦቹ ባጃጁ ላይ ከመጫናቸው በፊት አስቀርባ ዳሰሰቻቸው። በቀይ ምራቋ የተበላሹትን በጣቷ ለይታ «እነዚህን ከስር አድርጓቸው፣ አፍራለሁ» አለች። በቤተ መቅደሱ ግቢ ሉዋንግ ፖ ሲባርኩ፣ ከትንሽ ማንቆርቆሪያ ውሃ ቀስ አድርጋ እያፈሰሰች የአባቷን ስም ጠራች፤ በጎው ሥራ ከውሃው ጋር ይደርሰው ዘንድ። ከዚያ ቀን በኋላ ሕልሙ ቀረ። ላኦንግ ምግቧን መብላት፣ ደንበኛ መስደብ፣ በስንጥቁ መትፋት ቀጠለች። አዲሱ ሲሚንቶ በሳምንቱ ቀላ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር።

አንድ ጠዋት ላኦንግ «ለባለቤቱ አልነገርነውም» አለች።

«ለየቱ ባለቤት?»

«ለቦታው ነዋ። ያንን ፍርስራሽ የሚጠብቅ መንፈስ ይኖራል። ዕዳውን ለሌላ ቤት ከፍለን ለባለቤቱ ካልነገርነው፣ አባቴን እንደሌባ ሲጠብቀው ሊኖር ነው? ውሰዱኝ። ዕጣን ላብራና ልንገረው።»

«እማዬ፣ ቦታውን እኮ የሚያውቅ ጠፋ!»

«እኔ አውቀዋለሁ። ከቦዩ አፍ ብቻ አስጀምሩኝ።»

ፐም ሳቀ፤ ግን ለላኦንግ እምቢ የሚል አንጀት አልነበረውም። ማለዳ ባጃጁ ላይ አስቀምጠዋት ቦዩ ከወንዙ ይገናኝበት ወደነበረው ቦታ ወረዱ። አሮጌው ቤታቸው የነበረው እዚያ ነው፤ ዛሬ የአውቶቡስ ማቆሚያ ነው። ላኦንግ የወንዙን ሽታ ስባ ፊቷ በራ።

«ጀርባህን ለወንዙ ስጥ። እንዲያ። አሁን ቀስ ብለህ ቅዘፍ።»

«ያይ፣ ይኼ ባጃጅ ነው፤ ጀልባ አይደለም።»

«ታዲያ ለምን ይናወጣል?»

ፐም ዋናውን ጎዳና ትቶ በጓሮ በጓሮው የሚሄደውን ጠባብ መንገድ ያዘ። ጎዳናውን የቀየሰው መሐንዲስ ስለሆነ ቀጥ ያለ ነው፤ ቦዩን የቀየሰው ግን ውሃ ስለነበር ይጠማዘዝ ነበር፤ የቦዩ ሬሳ ያለው በዚህ በጠማማው መንገድ ስር ነው።

«በቀኝ የቻይናው የሩዝ መጋዘን» አለች ላኦንግ።

«የጥርስ ሐኪም ሆኗል» አለ ፐም።

«በግራ የጎረቤቶቻችን ዳክዬዎች። ጠዋት ጠዋት ይንጫጩ ነበር።»

«አሁን የልብስ ማጠቢያ ቤት ነው፤ እሱም ይንጫጫል።»

«ድልድዩ! ጎንበስ በሉ!» ላኦንግ ራሷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። ድልድይ የለም፤ ቦዩ ሲደፈን አብሮ ተወስዷል። ፐምና ፕራፓይ ግን ሁለቱም ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ተያይተው አፈሩ፤ ሳቁም።

የመጀመሪያው መጠማዘዣ አለፈ። ፕራፓይ አንድ አንካሳ ውሻ አየች። ውሻውን ታውቀዋለች፤ አጥንት የምትጥልለት ነው። ሁለተኛው መጠማዘዣ ላይ የጎረቤቷን የሙዝ ተክል አየች። ሳቋ ከፊቷ ላይ ሳይጠፋ ክው አለች።

«እዚህ» አለች ላኦንግ። «በግራ። እዚህ ነው አባቴ ጀልባውን ያሰረው። ዘንባባው ላይ።»

ፐም ሞተሩን አጠፋ። በግራ በኩል የልብስ ማስጫ ገመድ ነበር፤ ገመዱ ላይ የላኦንግ ሰማያዊ ሽርጥ ተሰጥቷል። ከሽርጡ ስር ፕራፓይ የአሳማ አጥንት የምትከሰክስበት አሮጌ የዘንባባ ጉቶ። ከጉቶው ወዲያ ማለዳ የጣደችው መረቅ የሚፈላበት ምድጃ፣ እንስራዎቹ፣ አዲሱ ሲሚንቶ። የገዛ ቤታቸው ጀርባ ነው።

ፕራፓይ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባት። የረከሰው መሬት። ጉብታው። የሁለተኛው ረድፍ ክብደት፣ የሦስተኛው እምቢታ። አያቷ ጡቦቹን ከዚህ ወስዷል፤ አባቷ ቤቱን ሲያዛውር ሳያውቅ መልሷቸዋል። አርባ ዓመት ሙሉ በቦታቸው ነበሩ። ከቤተ መቅደሱ ያወጣቻቸው እሷ ናት። የአያቷንም ብቻ አይደለም፤ ማንም ነክቶት የማያውቀውን መሠረት በዲጅኖ አስፈንቅላ፣ ጭና፣ ለሌላ ሰጥታለች። ዕዳ ከሜዳ ይሉሃል ይኼ ነው።

«ምን አለ?» አለች ላኦንግ። «ዝም አላችሁ። ቦታው ምን ሆኗል?»

ፐም ወደ ፕራፓይ ዞረ። ያ ምላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ፈታ።

«ምንም የለም እማዬ» አለች ፕራፓይ። «ባዶ ሜዳ ነው። ሣር በቅሎበታል።»

«ጥሩ። ቤት አልተሠራበትም?»

«አልተሠራበትም።»

ላኦንግን አወረዷት። ፕራፓይ ዕጣኑን ለኩሳ ሰጠቻት። አሮጊቷ የገዛ ጓሮዋ ውስጥ፣ ሽርጧ ከራሷ በላይ እየተወዛወዘ፣ መዳፎቿን ግንባሯ ላይ ገጥማ ተናገረች። «የኔ ጌታ፣ አባቴ ደሃ ነበር፤ ሚስቱ እንዳትወድቅ ብሎ ነው። የወሰደውን መልሰናል። ከእንግዲህ ልቀቀው።» ዕጣኑን ጉቶው ስር ሰካችው። ቀና ስትል አፍንጫዋን ነፋች።

«ኑድል የሚቀቅል አለ።»

«ጎዳናው ላይ ነው» አለች ፕራፓይ።

«መረቁ ያንቺ መረቅ ይሸታል።»

«የሁሉም መረቅ አንድ ነው እማዬ።»

ላኦንግ እግሯን መሬቱ ላይ ወዲህ ወዲያ አደረገች። «እንግዲያው ወደ ቤት ውሰዱኝ» አለች። እነሱም ባጃጁ ላይ አሳፍረዋት፣ በጥርስ ሐኪሙ በኩል ዞረው፣ ገበያውን አቋርጠው፣ በዋናው ጎዳና ከፊት ለፊት መጥተው እዚያው አወረዷት።

በነጋታው ፕራፓይ ወደ ኖክ ያንግ ሮጠች። አዲሱ በር አልቆ ቆሟል፤ በነጭ ኖራ ተለስኖ፣ ጫፉ ወርቅ ተቀብቶ ያብረቀርቃል። እናቷ ያፈረችባቸው ቀያይ ጡቦች ከልስኑ ስር የት ጋ እንዳሉ እንኳ አይለይም። ሉዋንግ ፖን አግኝታ መሬት ላይ ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ይመለሱልኝ» አለች። «ወደ ቦታቸው ልመልሳቸው።»

«ልጄ» አሉ መነኩሴው፤ «አሁን የዚህ ቤት ንብረት ናቸው። ከቤተ መቅደስ ጡብ ነቅሎ የሚሄድ ሰው ምን እንደሚሆን አንቺ ራስሽ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ሐሳብሽ ንጹሕ ነበር። የሚቆጠረው ሐሳብ ነው።»

«የአያቴም ሐሳብ ንጹሕ ነበር፣ ሉዋንግ ፖ። ሚስቱ እንዳትወድቅ ነው።»

ሉዋንግ ፖ ውሃ አስመጥተው አጠጧት። ፕራፓይ ስትወጣ በበሩ ማለፍ ከበዳት፤ በጎን በኩል፣ ቆሻሻ በሚወጣበት በር ሄደች።

ከዚያ በኋላ ለእናቷ ልትነግራት ስንት ጊዜ አፏን ከፈተች። ደረጃውን እስከ አጋማሽ ወጥታ የተመለሰችበት ቀን አለ። አሮጊቷ በሰላም ትተኛለች፤ አባቷ በሕልሟ አይመጣም፤ ይህን እንዴት አድርጋ ትንጠቃት? ዝምታዋን ደግነት ብላ ጠራችው። ላኦንግም ስለዚያ ቦታ ዳግመኛ አላነሣችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ የሚጣለውን የጣፋጭ ወተት ቆርቆሮ ሁሉ አጠገቤ አስቀምጪልኝ አለች፤ ልተፋበት።

«ምነው? ደንበኞቼ አሳዘኑሽ?» አለቻት ፕራፓይ።

«አርጅቻለሁ። ጨዋ ልሁን።»

ፕራፓይ ሳቀች። ዕድሜ ልኳን በሰው ራስ ላይ ስትተፋ የኖረች ሴት! ለደንበኞቹም አወራችላቸው፤ «ከእንግዲህ ጃንጥላ አያስፈልግም» ብለው እነሱም ሳቁ።

ላኦንግ ቀዝቃዛው ወር ሲገባ ሞተች። ብዙ አልታመመችም። አስከሬኗ በኖክ ያንግ ተቃጠለ፤ ሬሳው የገባው በዚያ በነጩ በር ነው። ፕራፓይ ከኋላ ስትከተል ዓይኗን ከመሬት አላነሣችም።

ሶንግክራን ደረሰ። በዓሉ ሲመጣ ቤት መጽዳት አለበትና ፕራፓይ የእናቷን ጥግ ልታጸዳ ወጣች። ምንጣፉን ጠቀለለች። ቆርቆሮዎቹ ግድግዳውን ተደግፈው በረድፍ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ውስጣቸው ቀልቷል፤ አንዳቸውም አልፈሰሱም። ዓይነ ስውር አሮጊት አንዲት ጠብታ ወደ ታች እንዳታመልጥ ምን ያህል እንደተጠነቀቀች ፕራፓይ አየች። ስንጥቁን ተመለከተች። እናቷ ስንጥቁን ከላዩ በጨርቅ ጠቅጥቃ ዘግታዋለች።

መጥረጊያውን ይዛ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ላኦንግ ቆርቆሮውን የጠየቀችው ከጉዞው በተመለሱ ማግስት ነበር። መረቁን አውቃዋለች። የልጇን መረቅ የማታውቅ እናት የት አለች? ከስሯ ያለው ምን እንደሆነ አውቃ፣ ልጇ ዋሽታ ልታሳርፋት እንደፈለገች አውቃ፣ እሷም መልሳ ልጇን ለማሳረፍ ዝም ብላ፣ እነዚያን ወራት ሁሉ ብቻዋን ይዛው ኖራለች። ሁለቱም በአንድ ጣራ ስር አንዱን ሸክም እየተደባበቁ ተሸክመውታል። አብረው ቢሸከሙት ኖሮ ቢያንስ አብረው ባለቀሱ። ፕራፓይ አለቀሰች፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጎዳናው በውሃ በሚረጫጩ ልጆችና አሸዋ በያዙ ሰዎች ተሞላ። ሁሉም ባልዲውንና ከረጢቱን ይዞ ወደ ኖክ ያንግ ይሄዳል፤ በግቢው የአሸዋ ግንብ እየሠራ የወረቀት ባንዲራ ሊተክልበት። ፕራፓይም ወንዝ ዳር ወርዳ ባልዲዋን ሞላች። ስትመለስ ግን ሕዝቡን በተቃራኒው እየገፋች ነው።

«ፒ ፕራፓይ፣ ተሳሳትሽ እኮ! ቤተ መቅደሱ በዚያ ነው!» አላት አንዱ ደንበኛዋ።

«የእናቷ ማክ ለእሷም ተርፎ አስክሯታል መሰለኝ» አለ ሌላው። ተሳሳቁ፤ ውሃም ረጩባት።

እሷ ምንም አላለችም። ከቤቷ ስር ገባች። ምድጃውን ገፋ አድርጋ፣ ባለፈው ዓመት ያፈሰሰችውን ሲሚንቶ ቀድማ አስፈልጣው ነበርና፣ አሸዋዋን እዚያ አልነቃነቅ ያለው ረድፍ ላይ ደፋችው። በእጇ አሾለችው። አንዲት ቀይ የወረቀት ባንዲራ ተከለችበት። ከጡቦቹ ጋር ሲተያይ ምንም አልነበረም፤ ራሷም ታውቀዋለች።

የባጃጅ ድምፅ ሰማች። ፐም በጓሮው በኩል፣ በጠማማው መንገድ መጥቶ ጉቶው አጠገብ ቆመ። ከኋላ ወንበሩ ላይ በአሸዋ የተሞላ ባልዲ አነሣ።

«ወደ ኖክ ያንግ እየሄድኩ ነበር» አለ፤ «ሰልፉ ረዘመብኝ። የኛው ይቀርባል ብዬ ነው።»

ባልዲውን አንጠልጥሎ ሲገባ ፕራፓይ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ጫማህን አውልቅ» አለችው።

ፐም ወደ ምድጃው፣ ገና የደንበኛ ሳህን ወዳልተነሣላቸው ጠረጴዛዎች ተመለከተ። ከዚያ ባልዲውን አስቀምጦ ነጠላ ጫማውን አወለቀ።